ሆድ ሲብስ

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ደብሮኝ ነበር። ማምሻውን ለእማዬ ዓሣ ልገዛ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ልጁ ቆሮሶውን ጣውላው ላይ አጋድሞ በቢላ ጀርባ ቅርፊቱን ይፍቃል። አንዷ ቅርፊት ተፈናጥራ እጄ ላይ ተለጠፈች። የሕፃን ጥፍር የምታክል፣ የምታብረቀርቅ። እሷን ሳይ እንባዬ መጣ።

አባቢ ካረፈ አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ የሚያመጣኝ እሱ ነበር።

አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትላልቅ ወፎች፣ አጠገቤ ቆመዋል። ቢላ ሲነሳ አንገታቸው ይሰግጋል። በሥነ ልቦና ክፍል የተማርነው ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ ትዝ አለኝ። ሰውየው መጀመሪያ ያጠና የነበረው ሆድን ነው። በፈረንጆቹ 1904 ኖቤል የተሸለመው በምግብ መፈጨት ሥራው ነው። የውሾቹ ለሃጭ ምግቡ ገና ሳይቀርብ መዝረብረቡን ያስተዋለው እዚያው ሥራ ላይ ሳለ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዋትሰን ደግሞ በ1913 ተነስቶ የውስጡን ተዉት፣ የሚታየውን ባህርይ ብቻ እናጥና አለ። በእሱ ቤት የአባ ኮዳው አንገትና የእኔ እንባ አንድ ናቸው። ውሸት ነው ማለት አልችልም። ግን ያናድደኛል። አባ ኮዳው የሚመጣለት ነገር አለ። እኔ ምን ይመጣልኛል?

የቪየናው ሐኪም ፍሮይድ ይሻለኛል። በ1917 ስለ ሐዘን ሲጽፍ፣ ሐዘን ሥራ ነው ይላል። ሰው የሞተበትን በአንዴ አይለቅም። ትዝታውን አንድ በአንድ እያነሳ፣ እያንዳንዱን ለብቻው ይሰናበታል። ዛሬ የቅርፊቷ ተራ ደርሶ ይሆን? ስንትስ ቀርቶኛል?

ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ቤክን አሰብኩ። እሱም በፍሮይድ መንገድ የሰለጠነ ሐኪም ነበር። በ1960ዎቹ ግን ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ ሌላ ነገር አየ። በሆነው ነገርና በስሜታችን መሃል ሽው ብላ የምታልፍ ሐሳብ አለች። እሷን ያዟት ይላል። ልይዛት ሞከርኩ። ያዝኳት። በመጨረሻው ሳምንት አባቢ ዓሣ አማረኝ ሲለኝ፣ ደክሞኝ ነበርና «ነገ» አልኩት። በማግስቱ ምግብ አልወርድለት አለ።

ቤት ስገባ እማዬ ፊቴን አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሆድ ባሰሽ?»

ክፍል ውስጥ እነዚያን ሁሉ ስናነጻጽር ይህንን ማንም አላነሳልንም። እኛ የምናስበው በልብ ነው። ልብ በል እንላለን፣ ልብ ገዛ እንላለን። ሐዘንና ምስጢር ደግሞ ሆድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። እማዬ ፍሮይድን አታውቅም። ግን የት እንዳመመኝ በአንድ ቃል ነገረችኝ። ይህንን እንደ አንድ የአእምሮ ትምህርት የማንቆጥረው ለምንድነው? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

አሁን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ሆኗል። ዓሣው እስካሁን በፌስታሉ እንዳለ ነው። እማዬም አላነሳችው። ያቺን «ነገ» ይህን ሁሉ ዓመት ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዣታለሁ። ልንገራት? እሷስ በሆዷ ምን ይዛ ይሆን?