ይደወላል፣ ይነሳል፣ ድምፅ የለም

እናቴ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ጀምሮ ሜሪላንድ ላሉ ስድስት የዘመድ ልጆች ፊደል ታስቆጥራለች። እዚያ ያኔ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። በየተራ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሃያ ደቂቃ። የፊደል ገበታውና ድምፁ አንድ ገጽ ላይ እንዲሆኑላት ብዬ በዌብአርቲሲ፣ ድምፅና ምስል በቀጥታ በሚያስተላልፈው ቴክኖሎጂ፣ ትንሽ መተግበሪያ ሠራሁላት። መተግበሪያው የአንድ ሳምንት ሥራ ነበር። መሀል ላይ ሆኖ ድምፁን የሚያቀብለው ተርን ሰርቨር ግን ሦስት ሳምንት በላ። ያኔ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ዋይፋይ ላይ ስሞክረው ሁሉም ነገር ይሠራል። እናቴ ግን የምትጠቀመው የስልክ ዳታ ነው። ይደወላል፣ ይነሳል፣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፣ ድምፅ የለም። የሞባይል ኔትወርክ ላይ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አይፒ አድራሻ ይጋራል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ድምፅ የእሷን ስልክ ለይቶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። አይስ የሚባለው አሠራር ለዚህ ነው የተሠራው። ሁለቱም ወገን ሊገኙባቸው የሚችሉባቸውን አድራሻዎች ይሰበስባሉ፣ ይለዋወጣሉ፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ይሞክራሉ። አንዱ የስልኩ የራሱ አድራሻ ነው። ሌላው የስታን ሰርቨር «ከውጭ የምትታየው በዚህ ነው» ብሎ የሚነግረው ነው። ሦስተኛው ሪሌይ ነው፤ መሀል ላይ የተቀመጠ ተርን ሰርቨር ድምፁን ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል።

ቀላል ቀላሉን ልለፈው። ፍራንክፈርት ውስጥ ትንሽ ማሽን ተከራየሁ። ኡቡንቱ ላይ ኮተርንን፣ ማሽኑን ተርን ሰርቨር የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ጫንኩ። ግንኙነቱን ለሚመሰጥረው ቲኤልኤስ ሰርተፍኬት አወጣሁ። ቋሚ የይለፍ ቃል መተግበሪያው ውስጥ እንዳይቀመጥ በሰዓት የሚያልቅ የይለፍ ቃል አደረግኩ። ኮተርን የሚሠራበት ተጠቃሚ የሰርተፍኬቱን ቁልፍ የማንበብ ፈቃድ ከሌለው ቲኤልኤስ አይነሳም፤ እሱን አስቀድማችሁ እዩ።

ቀጥሎ የመጀመሪያው እንቅፋት መጣ። አይስ የሚሰበስባቸውን አድራሻዎች የሚያሳይ የመፈተሻ ድረ ገጽ ከፍቼ ስሞክር የሪሌይ መስመር መጣልኝና ደስ አለኝ። ድምፅ ግን የለም። ሁለት ሌሊት ያንን መስመር እያየሁ ቁጥሩን አላነበብኩትም። የተጻፈው 10.0.0.5 ነበር። የተከራየሁት ማሽን የውስጥ አድራሻ ነው፤ ከውጭ ማንም አይደርስበትም። ኮተርን የውጭ አድራሻውን በራሱ አያውቅም። «ኤክስተርናል-አይፒ» በሚለው መስመር የውጩን፣ ከዚያ እዝባር፣ ከዚያ የውስጡን መጻፍ ነው። አንድ መስመር! የኮተርን ናሙና የኮንፊገሬሽን ፋይል ውስጥ እንዳይሠራ ተዘግቶ ተቀምጧል፤ እኔም እንደ ብዙ ሰው አልፌው ሄድኩ።

ሁለተኛው የፖርት ጉዳይ ነው፤ ፖርት መረጃ የሚገባበትና የሚወጣበት ቁጥር ያለው በር ነው። ብዙ መመሪያ 3478ን ክፈት ብሎ ያቆማል። 3478 ግን በሩ ብቻ ነው። ድምፁ የሚያልፈው ኮተርን ለእያንዳንዱ ጥሪ በሚከፍታቸው ፖርቶች ነው፤ ካልቀየራችሁት ከ49152 እስከ 65535 ያሉት ናቸው። አከራዩ ድርጅት ከማሽኑ ውጭ የራሱ ፋየርዎል፣ የሚገባውን መረጃ የሚያጣራ ከልካይ፣ አለው። ፖርቶቹ ድምፁ በሚሄድበት የመላኪያ ስልት፣ በዩዲፒ፣ መከፈታቸውን ጠየቅኩ። «በእኛ በኩል ሁሉም ክፍት ነው» አሉኝ። እንደገና በዝርዝር ጻፍኩ። ያው መልስ መጣ። በሦስተኛው ቀን የቁጥጥር ገጹን ራሴ መስመር በመስመር ሳነብ የተከፈተው ሌላው ስልት፣ ቲሲፒ፣ ብቻ መሆኑን አየሁ። እስካሁን ያናድደኛል። አንድ ሰው ጥያቄውን እስከ መጨረሻ ቢያነበው ኖሮ ሦስት ቀን ይተርፈኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሠራ። ሁለት ቅዳሜ ያለ ችግር አለፈ። እናቴ ደስ ብሏት «ድምፃቸው እኮ አጠገቤ ያሉ ነው የሚመስለው» አለችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ዓርብ ማታ ሰርቨሩን ከጥቃት ልጠብቀው ብዬ ተቀመጥኩ። ተርን ሰርቨር የተላከለትን ወደታዘዘበት አድራሻ የሚያስተላልፍ ነው። ካልከለከላችሁት፣ የይለፍ ቃል ያለው ሰው በእሱ በኩል የሰርቨሩን የውስጥ ኔትወርክ ሊነካ ይችላል። የክላውድ አከራዮች የማሽኑን መረጃ የሚያስቀምጡበት 169.254.169.254 ሳይቀር። ስለዚህ «ዲናይድ-ፒር-አይፒ» በሚለው መስመር የውስጥ አድራሻዎችን በሙሉ መከልከል ትክክል ነው፤ አሁንም አድርጉት እላለሁ። እኔም አደረግኩ። ከ10.0.0.0 እስከ 10.255.255.255 ያለውም ተከለከለ። የመፈተሻ ገጹን ከፈትኩ። የሪሌይ መስመሩ መጣ፣ አድራሻውም የውጩ ነው። ተኛሁ።

በማግስቱ ልክ 11 ሰዓት ላይ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሳሎን ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ልጅ ደወለች። እናቴ አነሳች። «የኔ ልጅ፣ ይሰማል?» ዝም። «ይሰማል?» ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መለሰችው። እኔ ላፕቶፑ ላይ ቲኤልኤሱን እፈትሻለሁ፣ ሰርቨሩን አስነሳለሁ፣ የይለፍ ቃሉን እቀይራለሁ፤ ምንም የማይመለከተውን ሁሉ። ሃያ ደቂቃ አለቀና ሁለተኛው ልጅ ደወለ። ያው ነው። በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችና «ምን ነክቼ አበላሸሁት ልጄ?» አለችኝ። ምንም አልነካችም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያንን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

ማታ ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። 403፣ ማለትም «ክልክል ነው»፣ የሚል ደጋግሞ ተጽፏል። 10.0.0.5 በተከለከለው ክልል ውስጥ ስለሆነ አላሳልፍም ይላል። የራሱን አድራሻ ነው የከለከለው። ሁለቱም ወገን በዚሁ ሰርቨር በኩል ሲያልፉ ድምፁ ከሰርቨሩ ወጥቶ ወደራሱ ወደ ሰርቨሩ ነው የሚመለሰው። ኮተርን የውጭ አድራሻውን ሲያይ በኤክስተርናል-አይፒ መስመር መሠረት ወደ ውስጡ ይመልሰዋል። የውስጡ ደግሞ ክልክል ነው። መተግበሪያዬ ሁሉንም ጥሪ በሪሌይ ብቻ ስለሚያሳልፍ አንድም ጥሪ አልተረፈም።

መፍትሔው እንደገና አንድ መስመር ነው። «አላውድ-ፒር-አይፒ» ብላችሁ የሰርቨሩን የራሱን የውስጥ አድራሻ ብቻ ጻፉ፤ ሙሉ ክልሉን አይደለም። ክልከላዎቹን በሙሉ አጥፋ የሚሏችሁን አትስሙ። እኔም ለአንድ ሰዓት ያህል አጥፍቻቸው ነበር፤ ሠራም፤ ግን ቤቱን ክፍት ትቶ መሄድ ነው።

የመፈተሻ ገጹ ለምን አሳሳተኝ? እሱ የሚያሳየው ሰርቨሩ አድራሻ እንደሰጣችሁ ብቻ ነው። ድምፅ በዚያ አድራሻ ማለፉን አይፈትሽም። ስለዚህ ኮንፊገሬሽኑን በነካችሁ ቁጥር ሁለት ስልክ ያዙ፣ የሁለቱንም ዋይፋይ አጥፉ፣ መተግበሪያውን ሪሌይ ብቻ ላይ አድርጉና ተነጋገሩ። እኔ ዓርብ ማታ ይህን ባደርግ አምስት ደቂቃ ይፈጅብኝ ነበር።

መመሪያዎቹ ሪሌይ የመጨረሻ አማራጭ ይሁን ይላሉ። ለቪዲዮ ልክ ናቸው። ለድምፅ ግን አልስማማም። ድምፁን የሚያጨምቀው ኦፐስ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ላይ ጥሩ ይሰማል፤ ከነማሸጊያው 50 ገደማ ቢሆን በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 22 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህ ማንንም አያከስርም። በምላሹ ጥሪው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ያልፋል፣ ሲበላሽም የት እንደምታዩ ታውቃላችሁ። የልጆቹ የቤት አይፒ አድራሻም ለሌላው ወገን አይታይም። ደግሞ ቲኤልኤሱን ከ5349 ይልቅ 443 ላይ አድርጉት፤ ሌላውን ሁሉ የሚዘጉ ኔትወርኮች እሱን ይተዉታል። ድረ ገጻችሁ 443ን ከያዘ ለተርኑ ሌላ ማሽን ተከራዩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በፊት ሁለቱን ስልክ ይዤ ደጅ ወጥቼ ሞከርኩ። ከዚያ ገባሁና ለእናቴ ስልኳን ሰጠኋት። የመጀመሪያዋ ልጅ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሄ» ብላ ጀመረች። እናቴ ጣቷን ገበታው ላይ አድርጋ «ቀስ በይ፣ ሃን ዘለልሻት» አለቻት።