ባሕር ዛፍ በአገሩ

አውስትራሊያ ስሄድ ከሁሉ በላይ የጓጓሁት ባሕር ዛፍን በአገሩ ለማየት ነው። ካንጋሮው ይደርሳል። እኛ አገር ዛፉ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ ነበር፤ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ማግኘቷ አተረፋት። እንጦጦን የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ትውልዱ ታዝማኒያና የቪክቶሪያ ግዛት ደቡባዊ ዳርቻ ነው። ስለዚህ ከሜልቦርን ተነስተን በግሬት ኦሽን ሮድ ወደ ኦትዌይ ጫካ አመራን።

መንገዱ ራሱ ታሪክ አለው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮች ከ1919 እስከ 1932 በዶማና በአካፋ ቆፍረው ሠሩት፤ ለወደቁ ጓዶቻቸውም መታሰቢያ ነው። በአንድ በኩል ባሕር፣ በሌላው ጫካ።

ከመኪና እንደወረድን ሽታው ተቀበለን። ሜልቦርን ብዙ ዓመት የኖሩት አክስቴ ከመሬት አንድ ቅጠል አንስተው፣ በመዳፋቸው ጨፍልቀው አሸተቱና «ልጄ፣ ይኼማ ጉንፋን ሲይዘን የምንታጠነው ነው!» አሉኝ።

እኔ ጎንበስ ብዬ አንድ ለጋ ችግኝ ማየት ጀመርኩ። ግንዱ ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ያለ እጀታ ግንዱ ላይ ተለጥፈዋል። አመድማ ሰም ሸፍኗቸዋል፤ በጣት ሲነኩት ይለቃል። አጠገቡ ያለው ትልቁ ዛፍ ደግሞ እንደ ማጭድ የቆለመመ ረጅም ቅጠል ቁልቁል አንጠልጥሏል። ሁለቱም ያው ነጭ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ሲያድግ ቅጠሉን ይለውጣል። የተንጠለጠለውን ቅጠል የቀትር ፀሐይ በጠርዙ በኩል ስለምታገኘው ብዙ ውሃ አያባክንም። አበባውም ይገርማል። እንቡጡ ክዳን አለው፤ ውስጡ ያሉት ነጫጭ ክሮች ሲገፉት ክዳኑ ተፈንቅሎ ይወድቃል። እንጦጦ የሚወጣ ሰው ይኼን ሁሉ እዚያም ማየት ይችላል።

እንጦጦ ላይ የማይገኘውን ያየሁት ኬኔት ሪቨር በምትባል ትንሽ መንደር ነው። እዚህ ኮአላን፣ ዛፍ ላይ የምትኖረውንና ልጇን ሆዷ ላይ ባለ ኪስ የምታሳድገውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በል እንስሳ፣ ለማየት አንገት ቀና ማድረግ ይበቃል። አንዷ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅጠል ሳበች፣ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተች፣ ተወችው፣ ሌላ ሳበች። እጇን ልብ ብዬ አየሁ። ከአምስቱ ጣቶቿ ሁለቱ እንደ አውራ ጣት ለብቻቸው ይቆማሉ። የጣት አሻራዋም ከሰው አሻራ ጋር በጣም ይመሳሰላል።

ምርጫ ማብዛቷ በከንቱ አይደለም። የባሕር ዛፍ ቅጠል መርዝ አለው፣ ምግብነቱም ትንሽ ነው። እኛ አገር ከብት ደፍሮ አይበላውም፤ ገበሬው ከሚወድለት ነገር አንዱም ይኼ ነው። የኮአላ ጉበት ግን መርዙን ያረክሰዋል። ቅጠሉ የሚብላላው እስከ ሁለት ሜትር በሚረዝም የአንጀት ክፍል ውስጥ፣ በባክቴሪያ ነው። ከዚህ ሁሉ ልፋት የሚተርፋት ጉልበት ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ቀንና ሌሊት ተኝታ ታሳልፋለች። ሰነፍ የሚሏት ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ልጇ ሲወለድ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስድስት ወር ገደማ ኪሷ ውስጥ ያድጋል። ከዚያ ቅጠል ከመቅመሱ በፊት እናቱ ከአንጀቷ የምታወጣውን ለስላሳ ነገር ይበላል። ሲሰሙት ሊያስጸይፍ ይችላል። ነገር ግን ቅጠሉን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። የኪሷ አፍ ወደ ታች ማዘንበሉም ለዚህ ያመቸዋል። ከጉዞው ሁሉ ይበልጥ የነካኝ ይኼ ነው። ባሕር ዛፍ ወደኛ የመጣው ለብቻው ነው፤ ሺህ ዘመን እየተላመዱ አብረውት የኖሩት እንስሳት እዚሁ ቀርተዋል።

ወደ ጫካው ጠለቅ ስንል ማውንቴን አሽ የሚባለውን ዘመዱን አገኘን። የባሕር ዛፍ ዝርያዎች ከ700 በላይ ናቸው፤ በቁመት የሚመራቸው ይኼ ነው። ታዝማኒያ ውስጥ ሴንቹሪዮን የተባለው አንዱ 100 ሜትር ገደማ ይደርሳል። እኛ ካገኘነው ሥር ቆሜ ጫፉን ማየት አቃተኝ።

የኛው ባሕር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁላችንም እናውቃለን። በአገሩም ከእሳት በኋላ እንዲሁ ያቆጠቁጣል። ማውንቴን አሽ ግን ኃይለኛ ቃጠሎ ከመጣበት ይሞታል፣ ከጉቶውም አይነሳም። ተስፋው ዘሩ ነው። ጫፉ ላይ በደረቅ ፍሬ ውስጥ የተዘጋው ዘር ከቃጠሎው በኋላ አመዱ ላይ ይረግፋል፤ ጥላ ስለሌለም በአንዴ ይበቅላል። አደጋው እሳት ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ነው። ችግኞቹ ዘር ለመስጠት 20 ዓመት ያህል ይፈልጋሉ። ከዚያ በፊት ሌላ ቃጠሎ ከመጣ ቦታው ላይ ይኼ ጫካ ተመልሶ አይበቅልም።

ሜልቦርን ዘመድ ያላችሁ ሂዱና እዩት። ኬኔት ሪቨር በመኪና ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ኮአላዎቹን ለመንካት ወይም ለማብላት ግን አትሞክሩ። ድምፃችሁንም ዝቅ አድርጉ፤ ስትደነግጥ ዛፍ ለመቀየር የምታወጣው ጉልበት ከዚያችው ከትንሿ የቅጠል ቀለቧ የሚቀነስ ነው።