ከቨር ፔጁ ላይ ያሉት ስሞች

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ጀምሮ ሆድ ብሶኛል። ለምን እንደሆነ እንጃ። የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ ሁለት የግቢ ልጆች ስለ ግሩፕ አሳይመንት ይጨቃጨቃሉ። «ምንም ሳይሠራ ስሙን ለምን እናስገባለን?» አለች አንዷ። «ተዪው ባክሽ፣ ጠብ ውስጥ አንግባ» አለቻት ሌላዋ። እነሱ ወረዱ፣ እኔ እስካሁን እያሰብኩት ነው።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። መምህሩ «አምስት አምስት ሁኑ» ይላል። የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል። ከዚያ ጭጭ። ማስረከቢያው ሲደርስ ሰቃዩ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ብቻውን ይጨርሰዋል። ሌላው «ስሜንና አይዲዬን እንዳትረሱ» ብሎ ይጽፋል። በእኛ ጊዜ ደግሞ አንድ ለአምስት ነበረ። ጎበዙ ደካማውን ያግዛል ተብሎ ነው የተዋቀረው። ፎርም ሞላን፣ ቃለ ጉባኤ ያዝን። አብሮ መሥራት እንዴት እንደሆነ ግን ማንም አላሳየንም። ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ማክሲሚሊያን ሪንግልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ነበር። ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ። ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። ስምንት ሆነው ሲጎትቱ እያንዳንዱ ያወጣው ጉልበት ብቻውን ከሚያወጣው ግማሽ ያህል ነበር። ሁሉም ልግመት አይደለም። እኩል መሳብ ራሱ ያስቸግራል። ግን ልግመትም አለበት። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ሰዎችን በቡድን እያስጮኹ ድምፃቸውን ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ጥናታቸው፣ የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ለየብቻው እንደሚታወቅ ሲነገራቸው መለገሙ ቀረ።

ገበሬው ይህንን በወንፈል ያውቀዋል። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ሁሉም ያያል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እየተባልን አድገናል። ድሩ እንዴት እንደሚያብር የሚያሳየው ግን ተረቱ ሳይሆን ወንፈሉ ነው።

እኔ ይህ የገባኝ በአንዲት ልጅ ነው። ከሩቅ የመጣች፣ በሲዳምኛ አፏን የፈታች። ከቡድናችን ቋንቋዋን የሚሰማ አልነበረም፣ አማርኛው ደግሞ ይይዛታል። ስንሰበሰብ ዝም ትላለች። ከመካከላችን አንዱ «ቁጥር ማሟያ» ይላት ነበር። ያን ጊዜ አንድ መምህር ደረሱልን። «የሚያቀርበው በዕለቱ በዕጣ ይለያል። እሱ ያገኘው ማርክ የሁላችሁም ነው» አሉ። ግቢው ውስጥ ከተማርኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ስለማይታወቅ፣ ሁላችንም ሁሉን ማወቅ ነበረብን። ስለዚህ እያንዳንዳችን የየድርሻችንን ለሌሎቹ ማስረዳት ጀመርን። አማርኛ ለቸገረው በእንግሊዝኛ፣ እንግሊዝኛውም ለቸገረው በወረቀት ላይ።

እሷም ወረቀቱን ያዘች። ሥራችን የአንድ ቢም፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም አግዳሚ፣ ስሌት ነበር። ሰቃያችን ቢሙ ላይ የሚያርፈውን ጭነት ሁሉ ደምሮ ነበር፤ የቢሙን የራሱን ክብደት ግን ዘሎታል። ምንም ሳትናገር ቀስት ሣለች፣ ቁጥር ጻፈችበት፣ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረችው። ሰቃዩ ራሱ ነበር «ልክ ነሽ» ያላት። ከዚያ በኋላ ስብሰባው ዘገምተኛ ሆነ። ዘገምተኛ ይሁን! እየደጋገምን ነበር የምንጠይቃት፣ እሷም መልሳ ትጠይቀን ነበር። ያቺ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ ስታስብ ነበር። የጎደለው የሚጠይቃት ሰው ነው።

ለገመኛ የሚባል የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ አብሬው ሠርቻለሁ። ግን ለገመኛና ያልተጠየቀ ሰው ከውጭ ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ተራው ሲሰጠው ነው። ስሙን ከመሰረዝ በፊት ይህ ቢቀድም እላለሁ።

አሁን መሥሪያ ቤት ነኝ። ኮሚቴ እንሆናለን፣ ዕጣ የሚያወጣ መምህር የለም። ሁለት ሰው ያወራል፣ ሌላው ይፈርማል። ሰኞ ስብሰባ አለን። ጥግ የሚቀመጥ አዲስ ልጅ አለ፣ እስካሁን ድምፁን አልሰማነውም። ሰው ፊት «አንተስ ምን ትላለህ?» ብዬ ብጠይቀው ይሸማቀቅ ይሆን? ወይስ ቀድሜ ቡና ልጋብዘውና ለብቻው ልጠይቀው? ለብቻው የነገረኝን ደግሞ ስብሰባው ላይ ማን ይናገረው፣ እኔ ወይስ እሱ?