የቲዩመር አይጥ ኮሌስትሮል፦ ደሴ ላይ ለምትለኩ

ከፒቱይታሪ (አንጎል ሥር ካለች ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) የተነሣ ቲዩመር የተተከለባት ነጭ አይጥ ደሟ ውስጥ የሚበዛው የእድገት ሆርሞን ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ፕሮላክቲን (ወተት የሚያስመነጭ ሆርሞን) አብሮት ይመጣል፤ አንዳንዱ ቲዩመር ኤሲቲኤች የሚባል ሆርሞንም ያመነጫል። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል። የእድገት ሆርሞን ጉበት ላይ ያሉትን የኤልዲኤል (ኮሌስትሮልን በደም ውስጥ የሚሸከም ቅንጣት) ተቀባዮች ስለሚያበዛ ኤልዲኤል ከደም ይጠረጋል። ኤሲቲኤች ግን አድሬናልን (ከኩላሊት በላይ ያለውን ዕጢ) ኮርቲኮስቴሮን የተባለ የጭንቀት ሆርሞን ያስመነጨዋል፤ ኮርቲኮስቴሮን ሲበዛ ደግሞ ጉበት ቪኤልዲኤልን (ስብና ኮሌስትሮል የሚሸከም ሌላ ቅንጣት) አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ይሰቅላል። ስለዚህ «ቲዩመሩ ኮሌስትሮል ጨመረ» ተብሎ የሚጻፍ ውጤት ገና ግማሽ ሥራ ነው።

መጀመሪያ አድሬናሎቹን አውጥታችሁ መዝኑ። ከጤነኞቹ በጉልህ ከገዘፉ ኤሲቲኤችን ጠርጥሩ። ማረጋገጫው ቲዩመሩ እያለባቸው አድሬናላቸው የወጣ ሌላ ቡድን ነው፤ እነዚህ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ ካልጠጡ ሶዲየም አጥተው ይሞታሉ። በእነሱ ኮሌስትሮሉ ከወረደ መንገዱ በአድሬናል በኩል ነው ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው መኖ ነው። ይህ ዓይነት ቲዩመር ያለባት አይጥ ብዙ ትበላለች፤ ስለዚህ የሆርሞኑ ሥራ ከመብል ይደባለቃል። ጤነኛዋ ትናንት የበላችውን መዝናችሁ ዛሬ ለቲዩመሯ አይጥ ያንኑ ያህል ብቻ የምትሰጡበት አንድ ቡድን ይኑር። ክብደቷን ስትመዘግቡም የቲዩመሩን ክብደት ቀንሱ።

ደም የምትወስዱበት ሰዓት ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ነው። ኮርቲኮስቴሮን አይጥ ላይ የሚያሻቅበው ወደ ማታ ነውና። መኖውን ማለዳ አንሥቶ 4 ሰዓት ያህል ቆይቶ ደም መቅዳት ይበቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ማስራብ የታመመችን አይጥ ያዳክማል። 250 ግራም የምትመዝን አይጥ ወደ 16 ሚሊ ሊትር ደም አላት፤ በአንድ ጊዜ ከ1.6 ሚሊ ሊትር በላይ አትውሰዱ።

ናሙናው ኮምቦልቻ የሚለካ ከሆነ ሴረሙን (ደሙ ሲረጋ የሚለየውን ፈሳሽ) ደሴ ላይ ለዩ። ደሙ 30 ደቂቃ ይርጋ፣ ከዚያ በሴንትሪፉጅ (በፍጥነት በሚያሽከረክር ማሽን) ለ10 ደቂቃ በ1,500 ጂ (የመሬት ስበት 1,500 እጥፍ) ይዙር። ያልተለየ ደም በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲናጥ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፤ በረዶ ቢነካውም እንደዚሁ። ሄሞግሎቢን ሲቀላቀል ኮሌስትሮሉ የሚለካበትን፣ በ500 ናኖሜትር ብርሃን የሚነበበውን ቀለም ያበላሻል። ሮዝ የሆነ ሴረም ውድቅ ነው፤ «ትንሽ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ከውጤቱ በኋላ ለሰው የተሠራውን የኤልዲኤል ስሌት አትጠቀሙ። አይጥ ሲኢቲፒ (ኮሌስትሮልን ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው የሚያዘዋውር ፕሮቲን) የላትም፤ አብዛኛው ኮሌስትሮሏ ኤችዲኤል በሚባለው ቅንጣት ላይ ነው። ለሰው በተዘጋጀ፣ ኤልዲኤልን ዝቃጭ አድርጎ በሚያወርድ ኬሚካልም ቢሆን አፖ-ኢ የተባለ ፕሮቲን የበዛበት የአይጥ ኤችዲኤል ከኤልዲኤሉ ጋር አብሮ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ጭማሪው ኤልዲኤል መስሎ ይታያል። ክፍልፋዮቹን በአልትራሴንትሪፉጅ (እጅግ ፈጣን ሴንትሪፉጅ) ወይም በጄል ማጣሪያ መለየት ካልተቻለ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉን ብቻ ጻፉ።