ፊቴን ወደ ከተማው አዙሬ ያነሳሁት ፎቶ

ሀዋሳ የተቆረቆረችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ይህን የማያውቅ ነዋሪ የለም፤ ካሜራ አንግቶ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ለሚወርድ ሰው ግን ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም እውቀት ያለ አይመስለኝም። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው ከከተማው ጀርባ፣ ከሕንፃዎቹና ከዛፎቹ በላይ ነው። ማታ የምትጠልቀው ከውሃው ማዶ ነው። ስለዚህ ጠዋት ዳር ላይ ቆሞ ወደ ሐይቁ ለሚያነጣጥር ሰው ብርሃኑ ከጀርባው ይመጣል። ጀልባውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ብርሃኑን ፊት ለፊት ይቀበላሉ፤ ጥላቸው ከኋላቸው ይደበቃል። ሁሉም ነገር በደንብ ይታያል፤ ነገር ግን ወረቀት ላይ እንደተለጠፈ ምስል ጠፍጣፋ ይሆናል።

እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ ካሜራ የያዝኩት ለፍቅር እንጂ ለእንጀራ አይደለም። ያገለገለ የካኖን ካሜራ፣ አንድ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሌላ ከ55 እስከ 250 ሚሊ ሜትር የሚዘረጋ ሌንስ አለኝ። ከፎቶዎቼ ሁሉ አብልጬ የምወደው የተወለደው ከዚህ የአቅጣጫ ስሌት ነው። የጠዋት ብርሃን ከጎንና ከኋላ እንዲመታልኝ ከፈለግሁ መቆሚያዬ ዳር ሳይሆን ውሃው ላይ መሆን አለበት፤ ፊቴም ወደ ከተማው መዞር አለበት።

ማታ ዳር ላይ መረብ ሲጠግኑ ያገኘኋቸውን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት ከእርስዎ ጋር ጀልባ ላይ ብወጣ ይፈቅዱልኛል?»

«ፎቶ ለማንሳት ከሆነ ከዳር ሆነሽ ማንሳት ትችያለሽ፤ ውሃ ላይ ምን አለ ልጄ?»

«ከውሃው ሆኜ ዳሩን ማየት ፈልጌ ነው።»

ሳቁና «እንግዲያው ሳይነጋ ነይ» አሉኝ።

ሳይነጋ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ የተዘረጋው መረብ የሚሰበሰበው ማለዳ ነው፤ ቆሮሶውና አምባዛው ሙቀት ሳያገኘው ገበያ መድረስ አለበት። በዚያ ሰዓት ነፋስ ስለማይነፍስ ውሃው የረጋ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግን ትንሿ ጀልባ ላይ ረጅም ሌንስ ይዞ መቆም ይከብዳል። ለፎቶ አንሺ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ ከአድማስ 10 ዲግሪ ከፍ ለማለት 40 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ወርቃማው ቀለም ይነጣል፣ ጥላውም ያጥራል። በቀዝቃዛ አገር ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ መመሪያዎች ለስላሳው ብርሃን ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ ስለሚናገሩ፣ እኛ አገር እነሱን አምኖ ቁርስ በልቶ መውጣት አያዋጣም።

ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ጠቅልዬ ተሳፈርኩ። ፀሐይዋ ከዳሩ ዛፎች ጫፍ ላይ ብቅ ስትል ሌላ ጀልባ በእኛና በዳሩ መካከል ነበር፤ በውስጡ የቆመ ሰው መረቡን ወደ ላይ ያነሳል፣ ያራግፋል፣ ያወርዳል። ከኋላው ዛፎቹ ገና ጥቁር ነበሩ። እጅግ የፈለግሁት ይህን ጥቁር ነበር፤ ከመረቡ የሚረጨው እያንዳንዱ ጠብታ ከኋላው ብርሃን አግኝቶ ሲያበራ የሚታየው ጨለማ መደብ ላይ ብቻ ነውና። መደቡ ብሩህ ሰማይ ቢሆን ኖሮ ጠብታው ሁሉ በጠፋ ነበር። አዛውንቱ መቅዘፊያቸውን እንዲያቆሙልኝ ለመንኳቸው፤ ከዚያም ጀልባችን በራሷ ቀስ እያለች ሰውየው ከጥቁሩ ዛፍ ጋር እስኪገጥም ጠበቅሁ።

የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ አማካይ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ጥቁር ዛፍ ሲያይ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል፤ ያን ጊዜ ዛፉ ግራጫ፣ ጠብታው ደግሞ ዝርዝር የሌለው ነጭ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያውን ተውኩትና በእጅ አስተካከልኩ፤ የሹተር ፍጥነቱ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ፣ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 400። ጀልባ ላይ ሆኖ ከዚህ የዘገየ ፍጥነት ጠብታውን ወደ ጭረት ይለውጠዋል። ፀሐይዋን ከፍሬሙ ውጭ አደረግኋት፤ ጨረሯ ሌንሱ ላይ አርፎ ምስሉን እንዳያደበዝዝ በግራ እጄ ከለልኩት። ፎከሱን በአንዲት ነጥብ ሰውየው እጅ ላይ ካሳረፍኩ በኋላ የቀረኝ የሥራውን ምት ማድመጥ ነበር። መረብ የሚያራግፍ ሰው ምት አለው። ያንን ምት ከጨበጡት ቁልፉን የሚጫኑት ጠብታው ከታየ በኋላ ሳይሆን መረቡ ሊራገፍ ሲል ነው፤ ዓይን ዐይቶ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ ነገሩ ያልፋልና።

ፎቶውን 20 በ30 ሴንቲ ሜትር አድርጌ አሳተምኩ። ስክሪን ከውስጡ ስለሚያበራ በጨለማው ክፍል ያለው ዝርዝር ይታያል፤ ወረቀት ግን የሚያንጸባርቀው የወደቀበትን ብርሃን ብቻ ስለሆነ ዛፎቹ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆነው ወጡ። ለዚህ ፎቶ ጥቁሩ ግድግዳ ይስማማው ነበር፤ ለሌሎች ፎቶዎች ግን ከማሳተሜ በፊት ጨለማውን ክፍል ጥቂት አበራለሁ። አንዱን ቅጂ ለአዛውንቱ ወሰድኩላቸው። የሰውየው ፊት ጨርሶ አይታይም፤ እሳቸው ግን ገና ሲያዩት «በትከሻው ዐውቀዋለሁ» አሉና ጎረቤታቸውን በስሙ ተጣሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሞራ ገደል ላይ ካሜራዬን አይቶ ፊቱን የሚያዞር ዓሣ አጥማጅ አላጋጠመኝም። የሰው ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሁሉ ከሌንስ በፊት ለወረቀት ገንዘብ ቢመድብ ደስ ይለኛል። ሰው ፊቱን አበድሮን ምንም ሳናሳየው መሄድ አይገባም።

ሁለተኛው የምወደው ፎቶ የፊቼ ጨምበላላ ነው። ይህ የሲዳማ የዘመን መለወጫ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በዓሉ በሚከበርበት ሜዳ፣ በጉዱማሌ የሚደምቀው ግን ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ጥቁር ይሆናል፤ ነጭ ልብስ ደግሞ ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። ቄጣላውን የሚጨፍረውን ሕዝብ በዚያ ብርሃን ማንሳት ይቻላል፣ አቧራውና እንቅስቃሴው ይሸከመዋል። ለአንድ ሰው ፊት ግን ጥላ ያስፈልጋል። ጥላም ዓይነት አለው፤ ጥቅጥቅ ካለ ዛፍ ሥር የሚደርሰው ብርሃን በቅጠሉ ውስጥ ያለፈ ስለሆነ ፊትን አረንጓዴ ያስመስላል። እኔ የመረጥኩት የጥላውን ጠርዝ ነው። እዚያ የተቀመጡ አንድ አባት ነበሩ፤ «አይዴ ጨምበላላ» ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው፣ አጠገባቸው ተቀምጬም ስለ በዓሉ አወጉኝ። ካሜራውን ያነሳሁት ወሬው ከሞቀ በኋላ፣ በፈቃዳቸው ነው። ፊታቸው በጥላው ውስጥ ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከፊታቸው ካለው ክፍት ሜዳ ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ ጉዱማሌ ራሱ በትንሹ ይታያል።

እናቴን ቡና ስታፈላ ያነሳኋት ፎቶ ደግሞ የመለኪያው ጉዳይ በተቃራኒው ነው። ነጠላዋ የፍሬሙን ግማሽ ይዞታል። መለኪያው ነጩን አይቶ ያጨልማል፣ የእናቴም ፊት ከጀበናው ጋር ይጠፋል። ስለዚህ ለፊቷ ለካሁ፤ ነጠላው ጥቂት ነጣ፣ ይንጣ። ጠይም ፊት ያለ አግባብ ሲጨልም ማየት ያመኛል፤ ካሜራው ለመረጠልን ግራጫ ብለን የእናቶቻችንን ፊት አሳልፈን መስጠት የለብንም። ፍላሽ አልተጠቀምኩም፤ የተከፈተው በር ብቻ በቂ ነበር። የ50 ሚሊ ሜትሩን ሌንስ አፐርቸር እስከ 1.8 ድረስ በሰፊው ከፍቼ ለእኔ በሚቀርበው ዓይኗ ላይ አነጣጠርኩ፤ የጀበናው ጭስ ከኋላ ለስልሶ ቀረ።

ባጃጁ ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ሁሉ ጭረት የሚሆንበትን ፎቶዬን ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ ልናገር። የሹተር ፍጥነቱ 1/30 ሰከንድ ይሁን፣ ባጃጁ ከመድረሱ በፊት ከወገብ በላይ አብሮ መዞር ይጀመር፣ ቁልፉ ከተጫነም በኋላ መዞሩ ይቀጥል። ሀዋሳ ሜዳማ፣ መንገዷም ሰፊና ቀጥ ያለ ስለሆነ ለዚህ የተሠራች ከተማ ናት።

አሁን ታቦር ተራራ ላይ አንድ ፎቶ እየጠበቅሁ ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበት ቦታ በዓመት ውስጥ 47 ዲግሪ ያህል ይሸሻል፤ በሰኔ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዘነብላል። ታቦር ከከተማው በስተደቡብ ስለሆነ ዳርቻው፣ ጀልባዎቹና የምትጠልቀው ፀሐይ በአንድ ፍሬም የሚቀራረቡት በሰኔ አካባቢ ነው፤ ሰኔ ደግሞ የደመና ወር ነው። ማዕዘኑን በወረቀት ሠርቼ ጨርሻለሁ፣ የምቆምበትን ድንጋይም መርጫለሁ። ደመናው በምዕራብ በኩል ሲከፈት የሚደውልልኝ ተማሪም አለኝ።