የታጠቡት ብዮች

የካቲት ነበር። ባሕር ዳር ለሦስት ቀን ሰማይዋን አላየችም። ሐይቁ ዳር ቆሜ ወደ ዘጌ ብመለከት ዘጌ የለም። ክብራንና እንጦስ እንኳን፣ ያን ያህል ቀርበው፣ ጥላ መስለው ነበር። ፀሐይዋን በባዶ ዓይን ማየት ይቻላል። የባጃጁ ሾፌር "ጉም ወረደ" አለኝ። ጉም ግን ፊት ያረጥባል። ይሄ ጉሮሮ ያደርቃል፣ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል።

እኔ ግን ያንን ቀን ስጠብቀው ነው የከረምኩት።

ያኔ በአንድ የምርምር ቢሮ የላብራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። የተሰጠኝ ሥራ ከሰማይ የሚወርደውን አቧራ መሰብሰብ ነው። መሣሪያው ቀላል ነው። ጣሪያው ላይ አራት ሰፋፊ ትሪዎች ይቀመጣሉ። ትሪዎቹ ውስጥ ብይ ይደረደራል፤ ያው ልጆች የሚጫወቱበት የመስታወት ብይ። ከሰፈር ሱቅ ነው የገዛሁት። ባለሱቁ "ለስንት ልጅ ነው?" ብሎኛል። ብዩ የሚያስፈልገው አቧራው አንዴ ከወረደ በኋላ ንፋስ መልሶ እንዳይወስደው ነው። በብዮቹ መሐል ገብቶ ይቀራል። በወሩ መጨረሻ ብዮቹን በተጣራ ውሃ አጥባለሁ፣ ውሃውን አደርቀዋለሁ፣ የቀረውን እመዝናለሁ። ከአንድ ትሪ የሚገኘው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። ለዚያች ቁንጥር ነው ወሩን ሙሉ የሚጠበቀው።

ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ትሪዎቹ ያበራሉ። ብዮቹ አንድ በአንድ ታጥበዋል። በጨርቅ ተወልውለዋል። ጭራሽ በየቀለማቸው ተለይተው ተደርድረዋል፤ ሰማያዊው ከሰማያዊ፣ አረንጓዴው ከአረንጓዴ። አቧራ የሚባል ነገር የለም።

ያጠቡት የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና በሰው ፊት ጮህኩባቸው።

"ምን ነክቶዎት ነው እትዬ? የወር ሥራዬን እኮ ነው የደፉት!"

መወልወያቸውን እንደያዙ ቆሙ። "ውይ ልጄ፣ ቆሽሾ አይቼ ነው እኮ። እንዲህ ያለ ደህና ዕቃ ጣሪያ ላይ አቧራ ሲበላው..."

"ውሃውንስ የት ደፉት?"

አጥሩ ሥር ወዳሉት አትክልቶቻቸው ጠቆሙኝ። አፉን በቆረጡት የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳም ተክለዋል። እሱን ነው ያጠጡበት። "ውሃ ይደፋል እንዴ?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጤና አዳሙ ሥር፣ አፈሩ ላይ፣ ደርቆ የቀረ ስስ ፈዛዛ ቡኒ ሽፋን አለ። የየካቲት ናሙናዬ ያ ነው። ከዚያ ውስጥ ምንም መለየት አይቻልም። ሳልሰናበታቸው ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱ ላይ "በጽዳት ሠራተኛ ስህተት ናሙናው ጠፍቷል" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ አነበበው።

"ስለ ትሪዎቹ ነግረሃቸው ነበር?"

"አልነገርኳቸውም።"

"ትሪዎቹ ላይ 'አይነካ' የሚል ጽሑፍ አለ?"

"የለም።"

እስክሪብቶውን አንስቶ "በጽዳት ሠራተኛ" የምትለዋን ሰረዘ። ሌላ አልተናገረኝም። "በባለሙያው ስህተት፤ ለሚመለከታቸው ሠራተኞች ሥራው አልተገለጸም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩበት። ያ ሰነድ እስከዛሬ ፋይል ውስጥ አለ። እትዬ ለሰባት ወር ከእኔ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ ሠርተዋል። በየቀኑ ጠዋት "ደህና አደርክ" ይሉኛል። ጣሪያ ላይ ምን እንደምሠራ ግን አንድ ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው ብዬ አስቤም አላውቅም። እውነቱ ይሄ ነው።

በማግስቱ ቡና ሰዓት ላይ ሄጄ "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ጠየቁኝ። "ግን ልጄ፣ ያ አቧራ ምን ያደርግልሃል?"

አቧራ ሩቅ ሄዶ ምን እንደሚሠራ ለማሳየት ከቻድ ጀመርኩላቸው። በሰሜን ቻድ ቦዴሌ የሚባል ረባዳ በረሃ አለ። ከ6 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እዚያ ቦታ ላይ ግዙፍ ሐይቅ ነበር። የዛሬው የቻድ ሐይቅ የዚያ ቅሪት ነው። በሐይቁ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ አልጌዎች ይኖሩ ነበር። ዳያተም ይባላሉ። ቅርፊታቸው መስታወት ከሚሠራበት ንጥረ ነገር ነው። ሲሞቱ ወደ ታች ይሰፍራሉ። ይሄ ለሺዎች ዓመታት ተደጋገመ። ከዚያ ውሃው ደረቀና ያ ነጭ ደለል ለፀሐይና ለንፋስ ተጋለጠ። ቦዴሌ ላይ ንፋሱ በቲቤስቲና በኤኔዲ ተራሮች መሐል እየተጨመቀ ነው የሚገባው። ደለሉን እያነሳ ወደ ምዕራብ ይነዳዋል።

"እስከ የት?" አሉኝ።

እስከ አማዞን ጫካ ነው፤ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ደቡብ አሜሪካ ድረስ። ናሳ ካሊፕሶ በተባለች ሳተላይት እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 የተሰበሰበውን መረጃ ተመልክቷል። በአማካይ በየዓመቱ 182 ሚሊዮን ቶን አቧራ ከሰሃራ ተነስቶ የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ይለቃል። ከዚያ ውስጥ ወደ 27.7 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው አማዞን ላይ ይወርዳል። በውስጡ 22 ሺህ ቶን ገደማ ፎስፈረስ አለ።

ቶን ለእትዬ አይመችም፤ ለእኔም ቢሆን። በኩንታል 220 ሺህ ነው። ፎስፈረስ ደግሞ ገበሬው ዳፕ ብሎ በሚገዛው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነው። ከዳፕ ክብደት ንጹሕ ፎስፈረሱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ንፋሱ በየዓመቱ ወደ 1.1 ሚሊዮን ኩንታል ዳፕ የሚያህል ለጫካው ያደርሳል ማለት ነው። ያለ መኪና፣ ያለ መርከብ።

"ጫካው የራሱ መሬት የለውም?"

አለው፤ ግን መሬቱ ደሃ ነው። ዛፉ ለምለም ሆኖ ስለሚታይ አፈሩ የሰባ ይመስላል። ምግቡ በአብዛኛው ያለው ራሱ ዛፉ ውስጥና በረገፈው ቅጠል ላይ ነው። ዝናቡ ፎስፈረሱን እያጠበ በወንዝ ይወስደዋል። በዝናብ የሚታጠበውና በአቧራ የሚመጣው መጠኑ ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአፍሪካ የሚሄደው የቃጠሎ ጭስም ለአማዞን ብዙ ፎስፈረስ እንደሚያደርስ አሳይቷል። ስለዚህ ሁሉንም ለቦዴሌ መስጠት አይገባም።

ላብራቶሪ ወስጄ ማይክሮስኮፕ አሳየኋቸው። ከጣና ዳር ያመጣሁት የጭቃ ጠብታ ነው። ዳያተሞቹ እንደ ቀጭን የመስታወት ሸንበቆ ተቀጣጥለው ይታያሉ። እትዬ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ረጅም ጊዜ አዩ። ጣናም ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ እንደነበር ነገርኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "ጣና?" አሉ። ከዚያ ዝም አሉ። ሐይቁ ዳር ተወልዶ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም።

ቀጥሎ የተናገሩት እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ነው እኔ ተማሪ የሆንኩት።

እትዬ የፎገራ ልጅ ናቸው። አባታቸው ባሕር ሸሽ ያርሱ ነበር። ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ይወጣል፤ በጋ ላይ ውሃው ሲሸሽ የተወው እርጥብ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ማዳበሪያ አያውቁም። ርብና ጉማራ ያመጡት ደለል ይበቃል። "አባቴ ደለሉን በጣቱ ያሸው ነበር" አሉኝ። "ልም ሲሆን ደስ ይለዋል። አሸዋ ከበዛበት ግን ያን ዓመት ፊቱ አይፈታም።"

ቀጠሉ። "ያ ደለል ከሰማይ የወረደ መስሎህ ነው? የጉና ሰው ማሳ ነው። እሱ ያጣውን ነው እኛ የበላነው። 'ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል' ይላሉ። ግንዱን ብቻ ነው እንዴ? መሬቱንም ነው።"

ይሄንን ከዚያ በፊት እንዲህ አስቤው አላውቅም። የአቧራውን ነገር ሳነብ የሚታየኝ ስጦታ ብቻ ነበር። በረሃው ይሰጣል፣ ጫካው ይቀበላል። ቦዴሌ ላይ የሚነሳው ሐይቁ ከደረቀ ሺህ ዓመታት ያለፉት ደለል ነው፤ አፈሩን አጣሁ ብሎ የሚያለቅስ ገበሬ የለበትም። ከጉና የሚታጠበው ግን ዘንድሮ የሚታረስ አፈር ነው። የእኛ የደጋ አፈር በዓባይና በገባሮቹ እየወረደ ለሺዎች ዓመታት የግብፅን እርሻ ሲያለማ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ተጠናቆ ደለሉን እስኪያስቀረው ድረስ። ተፈጥሮ ስታዘዋውር ሚዛን አላት። ሰው ዛፉን ቆርጦ ተዳፋቱን ሲያራቁት ግን ሚዛኑ ይሰበራል። ያኔ አፈሩ የሚደርስበትንም ቦታ ይጎዳል። እምቦጭ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታየ አረም ነው። ከማሳ ታጥቦ የሚገባው ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይመግበዋል። አማዞንን ያቆመው ንጥረ ነገር እኛ ጋ አረም ያሰባል። እትዬ ራሳቸው እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ ገብተው እምቦጭ ነቅለዋል። "ሥሩ እንደ ፀጉር ነው፣ አያልቅም" አሉኝ።

አቧራውም ቢሆን መልካም ብቻ አይደለም። አስም ያለበት ሰው ያን ሰሞን ይሰቃያል። ይሄን እያወቁ ስለ አቧራ ማውራት ያስፈልጋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። ጉዳዩ የመስኮት ነው። እትዬ የሕንፃውን መስኮቶች ሁሉ በየጠዋቱ ይጠርጋሉ። ለዘጠኝ ዓመት። ስለ አቧራው ስንጨዋወት እንደ ቀላል ነገር እንዲህ አሉ፦ "የመንገዱ አቧራ ይሻክራል። ይሄ የሰሞኑ ግን እንደ ጤፍ ዱቄት ነው፤ ጣት ላይ ይለጠፋል እንጂ አይሻክርም።"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ልክ ናቸው። ከሩቅ የሚመጣ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ከባዱ በመንገድ ላይ ይረግፋል። የቅርቡ፣ ባጃጅ የሚያነሳው፣ ሻካራ ነው። እኛ ይሄንን ለመለየት ናሙና ወደ ሌላ ከተማ እንልክ ነበር። እሳቸው በጣታቸው ያውቁታል። የትኛው መስኮት ላይ እንደሚበዛም ያውቃሉ። ካቻምና መጋቢት ላይ ከዚህ የባሰ መጥቶ እንደነበረም ያስታውሳሉ፤ እኔ ያኔ አልተቀጠርኩም፣ ትሪውም አልነበረም።

አንድ ደብተር ገዛሁ። ጽሑፍ ብዙ አይወዱም፤ ስለዚህ ምልክት ተስማማን። ሻካራ ከሆነ አንድ ጭረት፣ ዱቄት ከሆነ ክብ፣ ብዙ ከሆነ ሁለት ክብ። ቀኑን እኔ እጽፋለሁ። ትሪዎቹ ላይ በትልቁ "ይህ አቧራ ለጥናት ነው፣ እንዳይነካ" የሚል ለጠፍኩ። ጣሪያው ላይ የሚወጣውን ሁሉ የሚቆጣጠሩት ግን እትዬ ናቸው። አንድ ቀን የውሃ ታንከር ሊጠግን የመጣ ልጅ ትሪው ላይ መፍቻውን ሊያስቀምጥ ሲል ከታች ድረስ ተሰምቷል ድምፃቸው።

የየካቲት ቦታ በሰንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ ቀረ። አለቃዬ በግምት እንድሞላው አልፈቀደም፤ እኔም አልፈለግኩም።

በቀጣዩ ዓመት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ፣ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናቸው።

"ልጄ፣ ተነስ። መጥቷል፤ ዱቄቱ ነው።"

ስደርስ ዘንባባዎቹ ጫፋቸው አይታይም። ኮሪደሩ ተወልውሎ አልቋል። መስኮቶቹ ሁሉ ተጠርገዋል። እትዬ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። በምዕራብ በኩል ባለችው መስኮት ደፍ ላይ ጣት ያልነካው፣ ስስ፣ ቡኒ ዱቄት ተኝቷል።

"አንዷን ሳልጠርግ ተውኩልህ" አሉኝ።