13ኛዋ ብልት

እማዬ ዶሮ ስትበልት ቢላዋውን በኃይል አትጫንም። ጣቷን ታስቀድማለች። መገጣጠሚያውን ዳብሳ ታገኘዋለች፣ ከዚያ በኋላ ቢላዋው ራሱ ይሄዳል። 12 ብልት፤ አንድ አይጎድል፣ አንድ አይተርፍ። ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ ክንፉ፣ ሁሉም ስም አለው። ለማን እንደሚወጣም ይታወቃል። ስምም ባለቤትም የሌላት ጭንቅላቷ ብቻ ናት። እሷ ለድመት ናት።

ዘንድሮ ለፋሲካ ድመቷን ቀደምኳት።

ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ነገሩን የጀመረችው አንዲት ተማሪዬ ናት። ስለ አንጎል ስንማር ኮርቴክስ የምናስብበት ክፍል ነው ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሣልኩ። እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ወፍስ?» ወፍ እንደኛ በስድስት ንብርብር የተደራጀ ኮርቴክስ የላትም አልኳት። «ታዲያ በምኗ ታስባለች?» ደወል አዳነኝ።

የመጀመሪያዋን ጭንቅላት ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ዘፈዘፍኳት። ከሦስት ቀን በኋላ ራስ ቅሉን ስከፍተው አንጎሉ እንደ ለጋ ቅቤ ሟሟ። ሽታውን ተዉት። ፈሳሹ በአጥንቱ ውስጥ አልደረሰማ! ለሁለተኛዋ ከአንድ ወዳጄ ትንሽ ፎርማሊን ለመንኩ፣ የራስ ቅሉን ጣሪያ አስቀድሜ በጥፍር መቁረጫ ገለጥኩ፣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ጠንከር ያለ አይብ ሆኖ ወጣልኝ።

ትንሽ ናት። አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። የበግ ጭንቅላት ሲፈለጥ ያየ ሰው ያንን ሽብሽብ ያውቀዋል፤ የዶሮ የፊት አንጎል ግን ልሙጥ ነው። ከጎንና ከጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ ሽምብራ የሚመስሉ ሁለት ጉብታዎች አሉ። የዓይን መልእክት የሚያርፍባቸው ናቸው። ከኋላ ሽብሽቡ ትንሹ አንጎል አለ። ገልብጬ ሳየው የሁለቱ ዓይን ነርቮች ተጠላልፈዋል፤ የቀኙ ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ የግራውም ወደ ቀኝ ያልፋል። የኛ ግማሹ ብቻ ነው የሚሻገረው።

በምላጭ ስከፍለው ግን ንብርብር ብዬ የማሳየው ነገር አጣሁ። ግራጫ ነገር፣ በመሃሉ ነጫጭ ሰረዞች። በቃ።

ግራጫው ውስጥ ያሉት ጥርቅሞች ኒውክሊየስ ይባላሉ። (በሕዋስ ውስጥ ካለው ኒውክሊየስ ጋር አይገናኝም። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይደናገሩበታል፤ ጥፋቱም የነሱ አይደለም።) የነርቭ ሕዋሳት አንድ ላይ የሰፈሩበት መንደር በሉት። ነጫጮቹ ሰረዞች ከመንደር ወደ መንደር የሚሄዱ የክር ጥቅሎች ናቸው።

ሉድቪግ ኤዲንገር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ለነዚህ መንደሮች ስም አወጣ። የወፍ የፊት አንጎል ከሞላ ጎደል ሁሉም ስትሪያተም፣ ማለትም የኛ አንጎል በውስጡ ከደበቀው ክፍል ጋር አንድ ዓይነት ነው ብሎ ስላመነ፣ እሱና ተከታዮቹ ኒዮስትሪያተም፣ ሃይፐርስትሪያተም፣ አርኪስትሪያተም እያሉ ሄዱ። ስሙ ውስጥ ፍርድ አለ፦ ወፍ በደመ ነፍስ እንጂ በማሰብ አትኖርም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የምንለው ነገር በላቲን ሲጻፍ ማለት ነው። ስሙም አንድ መቶ ዓመት ገደማ ቆየ።

እኔ የምወደው አሜሪካዊውን የአንጎል ተመራማሪ ሃርቪ ካርተንን ነው። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ርግብ ላይ ሲሠራ ስሙን ትቶ ክሩን ተከተለ። አንድ ቦታ ትንሽ ጉዳት ያደርሳል፣ ከዚያ የሚነሱት ክሮች እስኪከስሙ ይጠብቃል፣ በብር ቀለም ነክሮ የት ድረስ እንደሄዱ ያያል። የዓይን መልእክት ከሽምብራዎቹ ተነስቶ ሮተንደስ ወደሚባል ክብ ኒውክሊየስ፣ ከዚያም ኤክቶስትሪያተም ወደተባለው የፊት አንጎል መንደር ሲገባ አገኘው። በኛ አንጎል ወደ ኮርቴክስ ከሚወጡት መንገዶች አንዱ ይህንኑ ይመስላል። እማዬም እኮ የምትቆርጠው በጣቷ ያገኘችውን ነው።

ስሙ የተቀየረው ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በ2002 የወፍ አንጎል ተመራማሪዎች አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተሰብስበው መከሩ፣ በ2004 አዲሱን ስያሜ አሳተሙ። ኒዮስትሪያተም ኒዶፓሊየም ሆነ፣ አርኪስትሪያተም አርኮፓሊየም፣ ኤክቶስትሪያተም ደግሞ ኤንቶፓሊየም። ፓሊየም ማለት ካባ ነው፤ የኛም ኮርቴክስ የሚገኝበት የአንጎል ልባስ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስቀኝ ኤችቪሲ ነው። የዘማሪ ወፎችን ዜማ የሚመራ ኒውክሊየስ ነው። ሦስቱ ፊደላት መጀመሪያ የቆሙለት ስም ስህተት ሆኖ ተገኘ፣ ሌላ ስም ተፈለገላቸው፣ በመጨረሻ «ስሙ ኤችቪሲ ነው፣ አራት ነጥብ» ተባለ። ጣቢያው ከፈረሰ በኋላም ፌርማታው በጣቢያው ስም እንደሚጠራው።

ኤችቪሲ ዶሮ ጋር የለም። የኛ አውራ ዶሮ ሌሊት 10 ሰዓት የሚቀሰቅሰኝን ጩኸት ከማንም አልተማረም። ዜማ የሚማሩት ዘማሪ ወፎች፣ በቀቀኖችና ሃሚንግበርዶች ናቸው፤ የዜማ መንደሮቹም ያሏቸው እነሱ ናቸው። ዶሮም ግን የራሷ አላት። ከአንጎል ተነስቶ ወደ ዓይን የሚመለስ የክር ጥቅል አለ። የሚነሳበት ኒውክሊየስ እንደ ዶሮና ርግብ መሬት ለቅመው በሚበሉት ጎልቶ ይታያል፤ በጉጉትና በአዳኝ ወፎች ግን ትንሽ ነው። ጥሬ ለቃሚ መሆን አንጎል ላይ እንዲህ ይጻፋል።

የመጠኑ ነገር ከተነሳ፣ በ2016 የወጣ ቆጠራ አለ። ማካው የምትባለው ትልቅ በቀቀን አንጎሏ 20 ግራም ገደማ ነው። የፊት አንጎሏ የነርቭ ሕዋሳት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ የሚመዝን አንጎል ካለው ከማካክ ጦጣ ኮርቴክስ ይበልጣሉ። ትንሽ ቦታ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሰፈር። በ2020 ደግሞ የርግብና የጉጉት አንጎል በልዩ ብርሃን ሲታይ፣ ንብርብር የለውም በተባለው ቦታ ክሮቹ አግድምና ሽቅብ ተሰናስለው ተገኙ። ልክ እንደ ኮርቴክስ። እኔ በምላጭ አጣሁት ያልኩት ይኸው ነበር።

ኒዶፓሊየም የኛ ኮርቴክስ የሥጋ ዘመድ ነው ወይስ ለየብቻ ተፈጥረው ተመሳሰሉ የሚለው ላይ ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ ዘመድ ነው ለሚለው ለካርተን አደላለሁ።

ለተማሪዬ ሁለተኛዋን አንጎል በብልቃጥ ይዤላት ሄድኩ። ብዙ አየችው። «የአባ ኮዳስ?» አለችኝ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሲጸዳ እግር ሥር ቆመው አንጀት የሚጠብቁትን ረጃጅም መላጣ ወፎች ማለቷ ነው። የሞተ ካገኘን አልኳት። ልመናዋ እንዳይጸናብኝ በልቤ ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ እንግዳ መጥቶ ዶሮ ታረደ። ወደ ማድቤት ስገባ እማዬ አንድ ነገር በላስቲክ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ያንቺ ብልት» አለችኝ። ከላስቲኩ እንፋሎት ይወጣል። ላባው እንዲለቅ ከሌላው ጋር የፈላ ውኃ ውስጥ ነክራታለች። ውጩ ተቀቅሏል፤ ለፎርማሊን አይሆንም።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልኳት። ድመቷ ደጅ ላይ እየጠበቀችኝ ነበር።